የተከለስ ተከለ፤ የሚያጠጣው ማን ነው?



አንድ የከተማ አስተዳደር ሥራውን በሚገባ መሥራቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ታላላቅ ሆቴሎችንና የእንግዳ መቀበያ አደባባዮችን መመልከት አያስፈልገውም። ወደ አንድ መኖሪያ ሰፈር ይግባና በመንገዱ መካከል ያለውን አካፋይ ይመልከት። እዚያ የውጭ እንግዳ አይቆምም፤ ፎቶግራፍ አንሺ አይመጣም፤ ሪባን የሚቈርጥ ባለሥልጣን አይታይም። ስለዚህ በዚያ ስፍራ የበቀለው ሣር ወይም የተጠራቀመው ቈሻሻ ስለ አስተዳደሩ የሚሰጠው ምስክርነት ያልተቀባባ ነው።

እኛም ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ የመንገድ አካፋይ ነው። ጉዳዩ አነስተኛ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠን። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በከተማችን መትከል በዓል ሆኗል፤ መንከባከብ ግን የማንም ሥራ አልሆነም። ሥራ ያልሆነ ነገር ደመወዝ የለውም፤ ደመወዝ የሌለው ነገር ኃላፊ የለውም፤ ኃላፊ የሌለው ነገር ደግሞ ይደርቃል።

ለምሳሌ የምናነሣው ጦር ኃይሎችን ነው። ከከተማው በስተምዕራብ ያለውን ይህን ሰፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ተማሪ ጥቂት ነው። የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ የሚያበቃው እዚህ ነው። የቀለበት መንገዱም ከኮልፌ ወደ አየር ጤና ሲወርድ በዚሁ ያልፋል። በማለዳ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ መርካቶ የሚሄደው ሠራተኛ፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው ሕመምተኛና አስታማሚው፣ ቦርሳውን አዝሎ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ሕፃን፣ ሁሉም የሚተላለፈው እዚህ ነው። ይህ ሁሉ ሰው መንገድ ሲሻገር ግማሹ ላይ ደርሶ፣ ቆሞ መኪና የሚያሳልፍበት ስፍራ አካፋዩ ነው። እንግዲህ አካፋይ ማለት ጌጥ ብቻ አይደለም። የእግረኛ መጠለያ ነው፤ የዝናም ውሃ የሚሰርግበት መሬት ነው፤ በአስፋልትና በቆርቆሮ መካከል ለቀረው ሕፃንም ብቸኛው አረንጓዴ ነገር ነው።

ከታላላቆቹ መንገዶች ወደ ውስጥ ዘልቆ የመኖሪያውን ሰፈር መንገድ የተከተለ ሰው የሚያየውን እንንገራችሁ። በክረምት አካፋዩ አረም ነው፤ አረሙ ከልጅ ቁመት በልጦ እግረኛውን ከሾፌሩ ዓይን ይጋርደዋል። በጥቅምት አረሙ ይደርቃል። በጥር የሚቀረው አቧራ፣ ፌስታልና የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። የጠርዙ ድንጋይ በመኪና ጎማ እየተገጨ ተነቅሏል። ክረምት ሲመለስ አፈሩ በተነቀለው ድንጋይ በኩል ታጥቦ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ከአስፋልቱ ወደ ቱቦው ገብቶ ይደፍነዋል፤ ቱቦው ሲደፈን ጎርፉ ወደ ነዋሪው ደጅ ይመጣል። ያን ጊዜ «ዘንድሮ ዝናሙ በዛ» ይባላል። ዝናሙ የወትሮው ዝናም ነው፤ የበዛው ቸልታ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? ገንዘብ ማጣት ነው እንዳይባል ችግኝ በየዓመቱ ይተከላል። ሐምሌ በገባ ቍጥር ባነር ይሰቀላል፤ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ኮፍያና ካናቴራ ይታደላል፤ ጉድጓዱ በቀን ሠራተኛ ተቈፍሮ ይጠብቃል፤ ባለሥልጣኑ ጎንበስ ብሎ አንዲት ችግኝ ያስገባል፤ ካሜራውም ይህን አንሥቶ ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። እኛ ዛፍ መትከልን አንቃወምም። ተራራው ተራቁቶ ወንዙ እየደረቀ ባለበት አገር ዛፍ የሚቃወም ቢኖር አእምሮውን ይመርመር። ነገር ግን የተተከለውን በአንድ ቀን ውስጥ እስከ መጨረሻዋ ችግኝ የሚቈጥር እጅ ካለን፣ በሰፈራችን መንገድ ላይ ስንቱ ጸደቀ ብሎ በግንቦት ወር የሚቈጥር እጅ ምነው ጠፋ?

የአዲስ አበባን ሰማይ እንመርምር። ዋናው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የበልግ ዝናም ቢጥልም አንድ ዓመት ይመጣል፤ አንድ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ በሐምሌ የተተከለች ችግኝ ሥሯን በሚገባ ሳትሰድ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ሰማዩ ይዘጋባታል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ነው። በእነዚህ ስምንት ወራት ችግኟን በሕይወት የሚያቆያት የሰው እጅ ብቻ ነው። ታዲያ በሐምሌ ካሜራ ፊት ከተሰለፈው ሰው ሁሉ በጥር ወር ጀሪካን ይዞ የታየው የትኛው ነው? አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ይህ በሽታ የችግኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጦር ኃይሎች መንገድ አካፋይ ላይ ከችግኝ እጅግ የከበደ ነገር ተተክሏል፤ እርሱም ባቡሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በድምሩ ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚደርሱ ሲሆን፣ የወጣባቸው ገንዘብ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛውም ከቻይና የተገኘ ብድር ነበር። 41 ባቡሮች ገቡ፤ ከተማው በእልልታ ተቀበላቸው። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን አብዛኞቹ በመለዋወጫና በጥገና እጦት መቆማቸው በይፋ ተነገረ፤ ተሳፋሪውም በፀሐይና በዝናም ተሰልፎ ባቡር መጠበቅ ግድ ሆነበት። አንዲት የደረቀች ችግኝና አንድ የቆመ ባቡር የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ሁለቱንም ያመጣቸው በጀት ነበረ፤ ሁለቱንም የሚያቆያቸው በጀት ግን አልታሰበም፣ ወይም ሲታሰብ ከሁሉ በኋላ ታሰበ።

ሁለተኛው ምክንያት ከመሬት በታች የተደበቀ ነው። መንገድ ተሠርቶ ሲያልቅ አካፋዩ የሚሞላው በምንድን ነው? ከሥራው በተረፈ ገረጋንቲ፣ በኮንክሪት ስብርባሪ፣ በተረፈ አስፋልት ነው። ከላይ ጥቂት ቀይ አፈር ይበተንበትና ሥራው ተፈጸመ ተብሎ ርክክብ ይደረጋል። የእርሻ ተማሪ ያልሆነ ሰው እንኳ እንደሚያውቀው ሣር ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ለም አፈር ይፈልጋል፤ ቍጥቋጦ የዚህን እጥፍ ይፈልጋል፤ ዛፍማ ከአንድ ሜትር ባነሰ አፈር እንዴት ይቆማል? በድንጋይ ላይ የተዘራው ዘር ምን እንደ ሆነ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ምሳሌ ነው። ምሳሌውን እየሰማን ዘሩን በድንጋይ ላይ መዝራታችን ግን ይገርማል።

በዚህ ላይ የዕፀዋቱ ምርጫ አለ። በመጽሔት ላይ የታየ ለስላሳ ሣር ይመጣል፤ ይህ ሣር በበጋ ውሃ ካላገኘ ወዲያው የሚገረጣ ነው። ጥላ የማይሰጥ ዘንባባ በውድ ዋጋ ይገዛል። የአገራችን ሰርዶ ግን በድርቅ ተኝቶ ዝናም ሲመጣ የሚነሣ ሣር ነው። እሬት በጥቂት ውሃ ይኖራል፤ ያብባልም። ወይራ ቀስ ብሎ ቢያድግም አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ ከተካዩ ዕድሜ በላይ ይቆያል። ሰፊ አካፋይ ባለበት ግራር ጥላ ይሰጣል። ገንዘብ የለንም የሚል አስተዳደር ገንዘብ የማይፈልገውን ተክል ትቶ ገንዘብ የሚበላውን መምረጡ እንዴት ይታረቃል?

ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱ የከፋ ነው፤ እርሱም አድልዎ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በቦሌና በሌሎችም ዋና ዋና ጎዳናዎች አካፋዮቹን በሣር፣ በአበባና በመብራት አስጊጧል። የእግረኛው መንገድ መስፋቱን እኛም በእግራችን ስለምንሄድበት አንክድም። ነገር ግን በዚሁ ሥራ ከፒያሳና በኋላም ከካዛንችስ ቤታቸው የፈረሰባቸው ነባር ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። እንግዳ በሚያልፍበት ጎዳና አበባው ጠዋትና ማታ ሲጠጣ፣ ሕዝቡ በሚኖርበት ሰፈር ሰርዶውም ይጠማል። ይህን አበው በአራት ቃል ጨርሰውታል፤ የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ።

ይህ ጥያቄ በተማሪው ዘንድ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከከተማው ጎዳና እየተለቀሙ በሾላ በአንድ ግቢ የታጎሩትን ድኆች ሁኔታ ከተረዱ በኋላ «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ያ ትውልድ የተረዳው ነገር ከተማ የሚያምረው ችግረኛውን ከዓይን በማራቅ እንዳልሆነ ነው። ዛሬም አካፋዩ ላይ በቆሎ የምትጠብሰውን እናት አባርሮ በቦታዋ ጽጌረዳ ቢተከል ለዚያች እናት የተደረገላት ውበት ምንድን ነው? ለአካፋዩ አትክልተኛ ያስፈልገዋል፤ ለእርሷም እንጀራ ያስፈልጋታል። ሁለቱን ጕድለት አገናኝቶ አንድ መፍትሔ ማድረግ እጅግ ከባድ ፍልስፍና ነውን?

አሁን ወደሚነሡብን ተቃውሞዎች እንለፍ።

አንዳንዶች «ዳቦ በተወደደበት ከተማ ስለ ሣር ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉናል። ይህን የሚሉን ሰዎች ግቢያቸው በአትክልት የተሞላ መሆኑን መጠቆም ይገባናል። ግቢ ያለው ሰው አረንጓዴን በገዛ አጥሩ ውስጥ ያገኛል። በአንዲት ክፍል ቤት ከአምስት ልጆች ጋር የምትኖር እናት ግን ግቢዋ መንገዱ ነው። ስለዚህ የሕዝብ ሣር ቅንጦት የሚሆነው የግል ሣር ላለው ብቻ ነው። ደግሞም ጎርፍ የገባበት ቤት፣ በአረም ተከልሎ በመኪና የተገጨ ሕፃን፣ በአቧራ የሚያስል ሽማግሌ የቅንጦት ጉዳዮች አይደሉም።

ሌሎች ደግሞ «ሕዝቡ ራሱ ያበላሸዋል፤ ቢተከልም ይነቅላል፤ ቢታጠርም አጥሩን ይሸጣል» ይላሉ። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚል ተረት መኖሩን እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ተረት የሚነገረው ጠባቂ ስለ ሌለው ቤት ነው። በዚያው ሰፈር ያለውን እድር ተመልከቱ። የእድሩ ድንኳን፣ የእድሩ ወንበር፣ የእድሩ ሳህንና ብርጭቆ የሁሉም ሲሆን ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ ይኖራል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ዕቃው ይቈጠራል፤ ዕቃ ያዥ አለው፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ሳህን የሰበረ ይከፍላል። መዋጮው በዓመት አንድ ቀን በሙዚቃ የሚሰበሰብ ሳይሆን በየወሩ ያለ ጭብጨባ የሚሰበሰብ ነው። የሕዝባችን ጠባይ ተበላሽቷል የሚሉን ሰዎች አንድ ቀን የእድር መዝገብ ከፍተው ይዩ። ሕዝቡ የጋራ ንብረት መጠበቅ ያውቃል። ጠባቂ አልባ አድርገው የሰጡትን ንብረት ግን እንዲጠብቅ መጠየቅ ግፍ ነው።

በአዲስ አበባ በብዙ ስፍራ ሌላ ማስረጃ አለ። ተደራጅተው በመንገድ ዳርና በአካፋይ ላይ ችግኝ እያፈሉ የሚሸጡ ወጣቶችን ሁላችንም እናያለን። ያ ቍራጭ መሬት በየካቲትም በመጋቢትም አረንጓዴ ነው። አፈሩ ከሌላው ስፍራ አፈር አይለይም፤ ሰማዩም ያው ሰማይ ነው። ልዩነቱ በዚያ መሬት ላይ እንጀራው የተመሠረተ ሰው መኖሩ ነው።

ሦስተኞቹ «ነጋዴዎችና ድርጅቶች ይረከቡት፤ ለመንግሥት ሸክም አይሁን» የሚሉ ናቸው። ድርጅት አካፋይ ሲረከብ የመጀመሪያ ሥራው ስሙን በትልቁ ጽፎ ማቆም ነው። ሣሩ ከደረቀ በኋላም የስም ሰሌዳው እንደ መቃብር ድንጋይ ቆሞ የሚታይባቸው ስፍራዎች አሉ። ከዚህም በላይ ነጋዴ የሚረከበው ደንበኛው የሚያልፍበትን ጎዳና ነው። ሊስትሮና የቀን ሠራተኛ የሚያልፍበትን የሰፈር መንገድ ማን ይረከባል? የሕዝብን ግዴታ በነጋዴ በጎ ፈቃድ ላይ ማንጠልጠል ግዴታውን መጣል ማለት ነው።

ከውጭ አገር ምሳሌ ለሚፈልጉም አንድ እንጨምር። በሲንጋፖር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ኳን ዩ በ1963 እ.ኤ.አ. በገዛ እጃቸው ዛፍ ተክለው የተከላ ዘመቻ ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ የእኛን ይመስላል። ነገር ግን በዚያ አላበቃም። በ1967 ከተማዋን የአትክልት ከተማ የማድረግ መርሐ ግብር ወጣ፤ ዛፎችንና መናፈሻዎችን የሚንከባከብ ክፍልም ተቋቋመ፤ በ1975 ደግሞ የመናፈሻዎችና የዛፎች ሕግ ታወጀ። ዘመቻው ወደ መሥሪያ ቤት፣ መሥሪያ ቤቱም ወደ ሕግ ተለወጠ። በዚያች አገር ዝናም ዓመቱን ሙሉ ይዘንማል። ዝናም የማይለያት ከተማ ለዛፎቿ መሥሪያ ቤትና ሕግ ካስፈለጋት፣ ስምንት ወር ሙሉ ደመና ለምትናፍቀው አዲስ አበባ ምን ያህል ያስፈልጋት!

እንግዲህ ለመተቸት ብቻ ብዕር አነሡ እንዳንባል የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጣለን።

1ኛ. እያንዳንዱ የሰፈር መንገድ አካፋይ በመዝገብ ይግባ። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ኃላፊው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ። መንገድ የሚሠራው አንዱ፣ ችግኝ የሚተክለው ሌላው፣ ቈሻሻ የሚያነሣው ሦስተኛው፣ የሚጠየቀው ግን ማንም ያልሆነበት አሠራር ይቅር።

2ኛ. ለተከላ የሚወጣ ገንዘብ የሦስት ዓመት የውሃና የአትክልተኛ ደመወዝ አብሮት ካልተመደበ አይውጣ። ይህ በጀት የማይገኝ ከሆነ አንድ ሺህ ችግኝ መሆኑ ቀርቶ ሁለት መቶ ይተከል። ሁለት መቶ የጸደቀ ከአንድ ሺህ የደረቀ ይበልጣል።

3ኛ. አትክልተኛው በዚያው ሰፈር የሚኖር፣ በቋሚ ደመወዝ የተቀጠረ ሰው ይሁን። ሥራ ፈት ወጣቶችና ጕልት ላይ የሚውሉ እናቶች ቅድሚያ ያግኙ። የውሃ ቦቴ በሳምንት የታወቀ ቀን ይኑረው።

4ኛ. አካፋይ በገረጋንቲና በስብርባሪ ተሞልቶ ርክክብ አይፈጸም። የአፈሩ ጥልቀት በመንገዱ ውል ውስጥ ይጻፍ፤ መሐንዲሱም አስፋልቱን እንደሚለካ ሁሉ አፈሩን ለክቶ ይፈርም።

5ኛ. በየዓመቱ በግንቦት የጸደቀው ተቈጥሮ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሐምሌው ቍጥር በቴሌቪዥን ይነገር፤ የግንቦቱ ቍጥር ግን ነዋሪው በሚያነብበት ስፍራ ይሁን።

ይህን ሁሉ ከሌላው ብቻ አንጠብቅም። ማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ ለተማሪው ያቀርባል። የጂኦግራፊ፣ የዕፀዋት ሳይንስና የምሕንድስና ተማሪዎች በየቡድኑ ተከፋፍለን ከጦር ኃይሎች እንጀምር። አካፋዮቹን እንለካ፤ አፈሩን ቈፍረን ጥልቀቱን እንመርምር፤ በሕይወት ያለውንና የደረቀውን እንቍጠር። ይህንንም ሐምሌ ሳይሆን በጥቅምት፣ በጥርና በግንቦት እናድርገው። ውጤቱን በዚህችው ወረቀት ላይ ያለ ማዳነቅና ያለ ማጣጣል እናወጣለን። መምህሮቻችንም ይህን ቈጠራ እንደ ትምህርት ሥራ ተቀብለው እንዲመሩን በትሕትና እንጠይቃለን። መሬት ላራሹ ብሎ የተነሣ ተማሪ ወራሽ፣ በደጁ ያለችውን አንዲት ክንድ መሬት ልኬት ማወቅ አያንስበትም።

ለባለሥልጣኖቻችንም የምንለው አጭር ነው። በሐምሌ ብትጠሩን እንመጣለን፤ አብረናችሁም እንተክላለን። ነገር ግን አካፋዩን ይዘን ከመቈፈራችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃችኋለን፤ መልሱንም በጽሑፍ እንፈልጋለን። በጥር የሚያጠጣው ማን ነው? ስሙን ንገሩን፤ ደመወዙን ንገሩን፤ ውሃውን ከየት እንደሚቀዳ ንገሩን። ይህን ከነገራችሁን አካፋውን አምጡ።